ልጅዎ «የሙዚቃ መሣሪያ ልሥራ» ቢልዎትስ?

ድሮ በየሰፈሩ ሬዲዮ የፈታ ልጅ አይጠፋም ነበር። ትልቅ ሰው ቤት አለመኖሩን አረጋግጦ፣ በቢላዋ ጫፍ ብሎኑን አላልቶ፣ ውስጥ ሆኖ የሚያወራውን ሰውዬ የሚፈልግ። መጨረሻው ብዙ ጊዜ ግሣጼ፣ አንዳንዴም አርጩሜ ነበር። ዛሬ አያት ከሆኑት አንባቢዎቻችን መካከል ያ ልጅ ራሳቸው የነበሩ አይጠፉም።

የዛሬ ልጅ ግን የሚፈታው ሬዲዮ የለውም። በእጁ የያዘው ስልክ በሙጫ ተጣብቆ የመጣ ነው፤ ውስጡን ልይ ማለት ላበላሸው ማለት ነው። የመፍታትና የመገጣጠም ፍላጎቱ ግን አልጠፋም፤ ሌላ መውጫ ይፈልጋል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ክረምቱ ሲገባ አንዳንዱ ልጅ በቪዲዮ ያየውን ይዞ ይመጣና «የራሴን የሙዚቃ መቆጣጠሪያ ልሥራ፤ ትንሽ ዕቃ ግዙልኝ» ይላል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ የሚነሡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው። ስንት ያስወጣል? ኤሌክትሪክ ይይዘው ይሆን? ትምህርቱስ? ደግሞስ ጀምሮ ቢተወው?

ጥያቄዎቹ ሁሉ ተገቢ ናቸው። መልሳቸው ግን «እሺ» ወይም «አይሆንም» ከማለት በፊት ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅን ይጠይቃል። ለዚህ ደግሞ ወላጅ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም።

«ተቀበል!» የሚል ሳጥን

ልጁ የሚለው መሣሪያ ሚዲ ኮንትሮለር ይባላል። ሲታይ ጥቂት ቁልፎችና ማዞሪያዎች ያሉት ትንሽ ሳጥን ነው። ብዙ ሰው የማይገምተው ነገር ሳጥኑ ራሱ ድምፅ የሌለው መሆኑን ነው። ክር የለውም፤ ድምፅ ማጉያም የለውም። ብቻውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ቢነካ ትንፍሽ አይልም።

አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሰው አሠራሩ በቀላሉ ይገባዋል። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይነግራል፤ የሚያዜመው ግን ማሲንቆ የያዘው አዝማሪ ነው። እዚህም ስንኝ ነጋሪው ሳጥኑ ነው፤ አዝማሪው በላፕቶፕ ወይም በስልክ ላይ የተጫነ የሙዚቃ ፕሮግራም ነው። ሳጥኑ «ይህን ድምፅ በዚህ ጉልበት ተጫወት» ሲል ፕሮግራሙ ተቀብሎ በፒያኖ፣ በዋሽንት ወይም በከበሮ ድምፅ ያሰማል።

ስንኙ ቃል ሳይሆን ቁጥር ነው። አንድ ቁልፍ ሲጫን ሳጥኑ ሦስት ቁጥሮች ይልካል። የመጀመሪያው ትእዛዙን ይናገራል፤ 144 ማለት «በአንደኛው መስመር ድምፅ ጀምር» ማለት ነው። ሁለተኛው የትኛው ድምፅ እንደሆነ ይገልጻል፤ 60 በፒያኖ መካከል ያለው ዶ ነው። ሦስተኛው ቁልፉ የተመታበት ጉልበት ሲሆን እስከ 127 ይደርሳል። ጣት ሲነሣ ደግሞ በ128 የሚጀምር «ድምፅ አቁም» የሚል መልእክት ይከተላል። ማዞሪያ ሲዞር የሚላከው በ176 ይጀምራል፤ ቀጥሎ 7 ከመጣ የድምፅ መጠን ይጨመር ወይም ይቀነስ ማለት ነው። ልጁ ለሥራው የሚያስፈልገው የሚዲ ቋንቋ ከዚህ ብዙም አይበልጥም። መደመርና ማካፈል የሚችል ልጅ ይከተለዋል።

ተፎካካሪዎች የተስማሙበት ቋንቋ

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአንዱ ፋብሪካ ኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ከሌላው ፋብሪካ ጋር አይግባባም ነበር። ሙዚቀኛው ሁለት መሣሪያ ካለው ሁለቱንም ለየብቻ ከመንካት በቀር አማራጩ ጥቂት ነበር። የካሊፎርኒያው ሲኩዌንሻል ሰርኪትስ መሥራች ዴቭ ስሚዝና የጃፓኑ ሮላንድ ኩባንያ መሥራች ኢኩታሮ ካኬሃሺ ይህን ለመለወጥ ተነሡ። በገበያው ተፎካካሪዎች ቢሆኑም አንድ የጋራ ቋንቋ እንዲኖር ተነጋገሩ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1983 በአሜሪካ በተካሄደ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዐውደ ርእይ ላይ የሁለቱ ኩባንያዎች ኪቦርዶች በገመድ ተያይዘው፣ አንዱ ሲነካ ሌላው ድምፅ ሰጠ። ቋንቋውን ማንም እንዲጠቀምበት ያለ ክፍያ ክፍት አደረጉት። ሁለቱ ሰዎች በ2013 ለዚህ ሥራቸው ቴክኒካል ግራሚ ተሸልመዋል።

ለወላጅ የዚህ ታሪክ ጥቅሙ ግልጽ ነው። ልጁ የሚማረው ነገር ከአንድ ኩባንያ ዕቃ ጋር የተሳሰረና በሚቀጥለው ዓመት የሚጣል አይደለም። 60 ቁጥር ከ40 ዓመታት በፊትም ዛሬም ያው ዶ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ የመጣው ከጣሊያን ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢቭሪያ ከተማ በነበረ የዲዛይን ትምህርት ተቋም የነበሩ መምህራንና ባልደረቦቻቸው ተማሪዎች በርካሽ ሊገዙት፣ ያለ ብዙ ጭንቅ ሊያዙት የሚችሉ አርዱዊኖ የተባለ ትንሽ ቦርድ ሠሩ። ስሙን ያገኙት በከተማው ከነበረ አንድ ቡና ቤት ነው። የአሠራሩ ንድፍ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ፋብሪካዎች ተመሳሳዩን ይሠራሉ። በዚህ ምክንያት ዛሬ ከጣት ብዙም የማይበልጥ ቦርድ የአንድ ሙሉ የሙዚቃ መቆጣጠሪያ አንጎል ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ቤት የሚስማማው

በቪዲዮ የሚታዩት መሣሪያዎች አብዛኞቹ የተሠሩት ለውጭ አገር ዳንስ ሙዚቃ ነው። ልጁ እነሱን መገልበጡ ክፋት የለውም። ነገር ግን የራሱን ሲሠራ ገበያ ላይ የማይገኝ ነገር መሥራት ይችላል። የፒያኖ ኪቦርድ በአንድ ስምንዮሽ ውስጥ 12 ቁልፍ አለው፤ የእኛ ቅኝቶች የሚጠቀሙት 5 ድምፅ ነው። ትዝታን በኪቦርድ የሞከረ ጀማሪ ከአምስቱ ይልቅ የቀሩትን ሰባቱን ሲነካ ይውላል። ቤት የሚሠራው ሳጥን ግን ስድስት ቁልፍ ብቻ ይኑረው፦ አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች፣ ስድስተኛው ከላይ የሚደገመው ዶ። ያን ጊዜ የትኛውም ቁልፍ ቢነካ ከቅኝቱ አይወጣም።

ቅኝቱ በቁጥር ሲጻፍ እንዲህ ነው። የትዝታ ሜጀር 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 እና 72 ነው። ከነዚህ ውስጥ 64ን ወደ 63፣ 69ን ወደ 68 ዝቅ ካደረጉት ትዝታ ማይነር ይሆናል። ሁለት ቁጥር በአንድ አንድ ሲቀንስ ዜማው እንዴት እንደሚያዝን ልጁ በጆሮው ይሰማል። አምባሰል 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ነው። የአምባሰልን 67 ወደ 66 አውርደው፣ 68ን ወደ 69 ከፍ ሲያደርጉት አንቺ ሆዬ ይመጣል። ባቲ ሜጀር ደግሞ 60፣ 64፣ 65፣ 67፣ 71 ነው። ሰባተኛ ቁልፍ ተጨምሮ በተነካ ቁጥር ከአንዱ ቅኝት ወደ ሌላው እንዲያሻግር ማድረግ ይቻላል። እንዲህ ያለው ሳጥን በሱቅ መደርደሪያ ላይ ሲሸጥ ማየት የማይታሰብ ነው።

የአገራችን ሙዚቃና ኤሌክትሮኒክስ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያ አይደለም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ሳለ አኮርዲዮንን ከኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ጋር አዋሕዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠርቷል። ከዚያ በኋላ በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ሲነዳ፣ ኪቦርዱን በመኪናው ዕቃ መጫኛ ይዞ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም መድረክ ላይ መልሶታል። ሙላቱ አስታጥቄም በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በነበረበት ጊዜ ክራርን ለማዘመን ሠርቷል። የልጁ ሳጥን ከነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ጥያቄው ግን ያው ነው፦ የእኛን ድምፅ በአዲስ ዕቃ እንዴት እናሰማ?

ምን ይገዛል?

የሚያስፈልገው ዕቃ በአንድ እፍኝ የሚያዝ ነው። አንድ ቦርድ፣ ሰባት የመጫኛ ቁልፍ፣ 10 ኪሎ ኦም የሆኑ ሁለት ማዞሪያዎች፣ ቀጫጭን ሽቦ፣ ያለ ብየዳ ሽቦ የሚሰካበት ብሬድቦርድ፣ አንድ የዩኤስቢ ኬብል። ማዞሪያዎቹ በድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ላይ የነበሩት ዓይነት ናቸው፤ ከተበላሸ ቴፕ ወይም ማጉያ ሊፈቱ ይችላሉ። ከመግዛት በፊት የሰፈሩን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ጠጋ ብሎ ማነጋገር ጥሩ ነው። የተጣለ ቦርድ ክምር ያለው ጠጋኝ ለልጁ ከሱቅ የተሻለ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። የቀረው በመርካቶ የኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ ሱቆች ይፈለጋል፤ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለም በኪሱ ሊይዘው የሚችል ነው።

ቦርዱ ሲመረጥ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ሻጩ ብዙ ጊዜ የሚያቀርበው በጣም የተለመደውን አርዱዊኖ ኡኖ ነው። ኡኖ ጥሩ ቦርድ ቢሆንም በቀጥታ ለላፕቶፕ «የሙዚቃ መሣሪያ ነኝ» ብሎ ራሱን ማስተዋወቅ አይችልም። ለዚህ ሥራ 32ዩ4 የተባለ ቺፕ ያለው ቦርድ ነው የሚጠየቀው፤ ፕሮ ማይክሮ ወይም ሊዮናርዶ ይባላል። ራስበሪ ፓይ ፒኮ የተባለውም ይሠራል፤ ብቻ ማዞሪያዎቹ በ5 ሳይሆን በ3.3 ቮልት እንዲገናኙ ያስፈልጋል።

ቦርዱ ላይ ፕሮግራም ለመጫን ኮምፒውተር የግድ ነው፤ የራስ ባይኖር ተውሶም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሳጥኑ ከአንድሮይድ ስልክ ጋርም በትንሽ ማገናኛ ተሰክቶ ይሠራል። የሚያስፈልጉት ፕሮግራሞች ነፃ ናቸው፤ ድምፁን ለማሰማት ኤልኤምኤምኤስ የተባለው ነፃ የሙዚቃ ፕሮግራም ይበቃል። አንድ ጊዜ ከወረዱ በኋላ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

አራት ቅዳሜ

ሥራውን በአንድ ቀን ለመጨረስ መሞከር የመተው መጀመሪያ ነው። በአራት ቅዳሜ ቢከፈል ልጁም አይሰለች፣ ቤቱም አይረበሽ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድ ቁልፍ ብቻ ይገናኝ። አንዱ የቁልፉ እግር ወደ ቦርዱ ቁጥር 2 መግቢያ፣ ሌላው ወደ ግራውንድ ይሄዳል። ትንሿ ቁልፍ አራት እግር አላት፤ ሁለት ሁለቱ ከውስጥ የተያያዙ ስለሆኑ በማዕዘን ትይዩ ያሉትን ሁለቱን መጠቀም ከስሕተት ያድናል። ቦርዱ ቁልፉን በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ እየፈተሸ፣ ሲጫን መልእክቱን ይልካል። ከዚያች አንድ ቁልፍ አንድ ድምፅ ሲወጣ ግማሹ ሥራ አልቋል ማለት ይቻላል፤ የቀረው መደጋገም ነው።

በሁለተኛው ቅዳሜ የቀሩት ስድስት ቁልፎችና ሁለቱ ማዞሪያዎች ይጨመራሉ። ማዞሪያ ሦስት እግር አለው፤ ሁለቱ ጫፎች ወደ 5 ቮልትና ወደ ግራውንድ፣ መካከለኛው ወደ ማንበቢያው መግቢያ ብቻ ይሂድ። ሁለቱ ጫፎች ቢለዋወጡ ማዞሪያው በተቃራኒ ይሠራል እንጂ ጉዳት የለውም። መካከለኛው በስሕተት ከ5 ቮልት ወይም ከግራውንድ ጋር ከተያያዘ ግን ማዞሪያው ጫፍ ሲደርስ ሁለቱ በቀጥታ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ኬብሉ ከመሰካቱ በፊት ይህ በሁለት ሰው ይታይ። ቦርዱ ማዞሪያውን ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ያነበዋል፤ ሚዲ የሚቀበለው ግን እስከ 127 ድረስ ነው። ልጁ ለምን በ8 እንደሚካፈል ይጠየቅ፤ ክፍል ውስጥ የሰለቸው ሒሳብ እዚህ ሥራ አለው።

ሦስተኛው ቅዳሜ የሳጥን ነው። የጫማ ካርቶን፣ የእንጨት ሣጥን፣ የብስኩት ቆርቆሮ ሁሉም ይሆናል። ካርቶን በመቀስ ይበሳል፤ ለእንጨት መሰርሰሪያ ያስፈልጋል፤ ቆርቆሮ ከሆነ ውስጡ በወፍራም ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ካልተሸፈነ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ይገናኛሉ። አናጢ ወይም ልብስ ሰፊ የሆነ አያት እዚህ ጋ ዋናው ባለሙያ ነው። ቁልፎቹ በምን ያህል ርቀት ይቀመጡ? የልጅ ጣት ነው ወይስ የአዋቂ? እነዚህን የሚመልሰው ልኬት የለመደ እጅ ነው። አራተኛው ቅዳሜ ለመበየድ፣ ለመዝጋትና ለመጫወት ይተው።

ሲበላሽ

መበላሸቱ አይቀርም፤ አብዛኛው ብልሽት ግን የታወቀ ነው። የመጀመሪያው ከኬብል ይመጣል። አንዳንድ የስልክ ኬብሎች ቻርጅ ለማድረግ ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ መብራት ያስተላልፋሉ፣ መረጃ አያስተላልፉም። ቦርዱ መብራቱ እየበራ ላፕቶፑ «አላየሁም» ካለ፣ ሌላ ነገር ከመንካት በፊት ኬብል ይለወጥ።

ሁለተኛው፣ አንድ ጊዜ የተነካ ቁልፍ ሁለትና ሦስት ጊዜ መጮሁ ነው። በውስጡ ያለችው ብረት ስትጫን ለጥቂት ሺህኛ ሴኮንዶች ትነጥራለች፤ ፈጣኑ ቦርድ እያንዳንዷን ንጥሪያ እንደ አዲስ መነካት ይቆጥራል። መድኃኒቱ ለ5 ሺህኛ ሴኮንድ ያህል ታግሦ እንደገና እንዲያይ ማዘዝ ነው። ሦስተኛው፣ ማዞሪያው ሳይነካ ቁጥሩ በ63 እና በ64 መካከል መዋለሉ ነው፤ ለውጡ ከተወሰነ መጠን ካላለፈ እንዳይልክ ይደረጋል። አራተኛው፣ ድምፁ አልቆም ብሎ መቀጠሉ ነው፤ ጣት ሲነሣ የሚላከው «አቁም» ተረስቷል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የወላጅ ፈተና ይመጣል። ልጁ ተናዶ ሽቦውን ሲወረውር «ድሮም ብዬህ ነበር» የሚለው ቃል አፍ ላይ ይመጣል። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ይበቃል፦ እስከ አሁን የሚሠራው የቱ ነው? የማይሠራው የቱ ነው? ቀጥሎ አንድ ነገር ብቻ ብትለውጥ ምን ትለውጣለህ? ጠያቂው መልሱን ማወቅ አይጠበቅበትም። ልጁ ሲያስረዳ ስሕተቱን ራሱ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥንቃቄ

ሳጥኑ የሚሠራው ከዩኤስቢ በሚመጣ 5 ቮልት ስለሆነ ልጁን ኤሌክትሪክ አይይዘውም። ደንቡ አጭር ነው፦ በግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካ ማንኛውም ዕቃ አይፈታም። አሮጌ ቴሌቪዥንና ማጉያ ከመብራት ተነቅሎም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክፍሎቹን የሚፈታው ጠጋኙ እንጂ ልጁ አይሁን።

እውነተኛው አደጋ ብየዳው ላይ ነው። የመበየጃው ጫፍ ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይግላል። በገበያ የተለመደው የመበየጃ ሽቦ ከቆርቆሮ ጋር እርሳስ የተቀላቀለበት ነው። እርሳስ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ጎጂ ስለሆነ፣ እርሳስ የሌለበት ከተገኘ እሱ ይመረጥ። ምግብ በሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይበየድ፤ መስኮት ይከፈት፤ ጭሱ አስም ያለበትን ሰው ያስነሣበታል። ሲጨረስ እጅ በሳሙና ይታጠብ፤ ጠረጴዛውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። ዕድሜው ከ12 በታች የሆነ ልጅ ብሬድቦርዱ ላይ ብቻ ቢሠራ ምንም አይጎድልበትም፤ ብየዳውን አዋቂ ይሥራው። ቤት ውስጥ የሚድህ ሕፃን ካለ ቁልፎቹና የሽቦ ቁርጥራጮቹ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጡ።

የጆሮም ነገር አለ። ልጁ በጆሮ ማዳመጫ መጫወት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ 80 ዴሲቤል በሳምንት ከ40 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል፤ ለልጆች ወሰኑ 75 ነው። በቤት ውስጥ ቋንቋ ሲነገር፦ በአንድ ክንድ ርቀት የሚያናግሩት ልጅ ካልሰማ ድምፁ በዝቷል።

የአያት ጆሮ

አሁን ሳጥኑ ተዘጋ፤ ትዝታ ወጣ እንበል። ልጁ በደስታ ይዞ ወደ አያቱ ይሄዳል። ክራር ሲደረደር ያደጉት አያት ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ደግ ነው፤ ግን አንዷ ድምፅ ትንሽ ከፍ ብላለች» ሊሉ ይችላሉ። ልጁ ቅር ሊለው ይችላል፤ ቁጥሮቹ ልክ ናቸውና። ሆኖም አያቱም ልክ ናቸው። 64 እና 67 የፒያኖ ድምፆች ናቸው፤ ፒያኖ ስምንዮሹን በእኩል 12 የከፈለ ነው። ክራር ደርዳሪው ግን ክሩን የሚያጠብቀው በጆሮው ስለሆነ ድምፆቹ ከፒያኖው ሽራፊ ያህል ሊለዩ ይችላሉ።

ይህች ሽራፊ በሳጥኑ ላይ ልትስተካከል ትችላለች። ሚዲ ድምፅን በትንሽ በትንሹ የሚያጎብጥ መልእክት አለው፤ መካከሉ 8192 ነው። በተለመደው አሠራር ከዚህ ላይ 819 ያህል ሲቀነስ ድምፁ የፒያኖን ግማሽ ድምፅ አንድ አምስተኛ ዝቅ ይላል። መልእክቱ በአንድ መስመር ያለውን ድምፅ ሁሉ ስለሚያጎብጥ የሚያገለግለው ድምፆቹ አንድ በአንድ ሲነኩ ነው፤ ለዜማ ይህ ይበቃል። አያቱ ያዳምጣሉ፣ «ትንሽ ዝቅ»፣ «በዛ»፣ «እዚያው ተዋት» ይላሉ፤ ልጁ ቁጥሩን ይለውጣል።

በቤታችን ብዙ ጊዜ ስልክና ኮምፒውተር ሲነሣ ልጅ አዋቂ፣ አያት ጠያቂ ይሆናሉ። «ይቺን ደውልልኝ»፣ «ይቺን ክፈትልኝ» የአያት ድርሻ ሆኗል። እዚህ ሥራ ላይ ግን ልጁ የሌለውና በፍለጋም የማያገኘው ነገር በአያቱ ዘንድ አለ። ትዝታ መሆን አለመሆኑን የሚያውቅ ጆሮ በመደብር አይሸጥም፤ ከባለቤቱ ጋርም ያልፋል። ልጁ «አባባ፣ አሁንስ?» እያለ የሚለውጣቸው ቁጥሮች ያ ጆሮ በጽሑፍ የሚቀርባቸው ጥቂት መስመሮች ናቸው። ገንዘቡና ቅዳሜዎቹ የሚገባው ለዚህ ይመስለናል።

ትምህርቱስ?

ሳጥኑ ልጁን መሐንዲስ ወይም ሙዚቀኛ ያደርገዋል ብሎ ቃል መግባት አይቻልም። የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያ ይታይ። የቤት ሥራ ያላለቀበት ቅዳሜ ወደሚቀጥለው ይዛወር። ልጁ ተጨማሪ ዕቃ ሲጠይቅ ያለውን ሳይጨርስ አይገዛለት፤ የትርፍ ጊዜ ሥራ ወደ ዕቃ መሰብሰብ የሚለወጠው እዚያ ላይ ነው። ቢተወውም ብዙ አይጠፋም፤ ክፍሎቹ ተነቅለው ለሌላ ሥራ ይሆናሉ።

ለሴት ልጆች ወላጆች አንድ ቃል እንጨምር። ካቻቢቴና ፒንሳ ለወንድ ልጅ፣ ሙዳይና መርፌ ለሴት የሚል ክፍፍል በብዙ ቤት ሳይነገር ይሠራል። ቀጭን ሽቦ በቀጭን ቀዳዳ ማስገባትና ሳይዛነፍ መደርደር ጥልፍ የለመደ እጅ በደንብ የሚችለው ሥራ ነው። ወንድሟ ሲሠራ ቆማ የምታይ ልጅ ካለች ቦርዱ ለእሷም ይሰጥ።

በመጨረሻ፣ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሥራ አይረሳ። በአንድ ወረቀት ላይ የትኛው ሽቦ ወደ የት እንደሚሄድ በሥዕል ይነሣ፤ አያቱ ያጸደቋቸው ቁጥሮች ከጎኑ ይጻፉ፤ የሠሩት ሰዎች ስምና ቀኑም ይሰፍር። ወረቀቱ ታጥፎ ከክዳኑ ውስጥ ይለጠፍ። ሽቦ ሲላቀቅ ልጁ ከዜሮ አይጀምርም፤ ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ቢከፍተውም የቤቱ ትዝታ በየትኞቹ ቁጥሮች እንደተቃኘ ከነስማቸው ያገኘዋል።